ኡቡንቱን በሙሉ ስሙ ማወቅ፦ ከቃሉ ትርጉም እስከ መጫኑ

ኡቡንቱ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ፣ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲስተም ነው። «ኡቡንቱ ጭኜበታለሁ» ብሎ ኮምፒውተር የሚያስረክባችሁ ባለሙያ የነገራችሁ የስሙን ሲሶ ነው። ሙሉ ስሙ «ኡቡንቱ 24.04 ኤልቲኤስ፣ ኖብል ነምባት» የሚል ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ሥራ አለው። ቁጥሩ መቼ እንደወጣ ይናገራል። «ኤልቲኤስ» የምትለዋ ለረጅም ጊዜ የሚጠገን መሆኑን ታረጋግጣለች። ከእንስሳው ፊት ያለው ቅጽል፣ «ኖብል»፣ ደግሞ ማሽኑ አፕዴቱን ከየትኛው የመጋዘን ክፍል (ፕሮግራሞቹ ኢንተርኔት ላይ ከተከማቹበት ቦታ) እንደሚያወርድ ይወስናል። ይህ መመሪያ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በአካባቢያቸው የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ለሚይዙ መምህራን፣ እንዲሁም ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝተው ራሳቸው ለሚጭኑ የተዘጋጀ ነው።

ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፈናቸዋል። ስትተይቡ ሁሉንም በላቲን ፊደል፣ በትንንሽ ሆሄ ጻፉ፤ ነጥብ፣ ሰረዝና ክፍተት ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ።

ቃሉ

ኡቡንቱ የደቡባዊ አፍሪካ ቃል ነው፤ ዙሉና ኮሳ ከሚገኙበት ከንጉኒ ቋንቋዎች የመጣ። ብዙ ጊዜ «ጥንታዊ የአፍሪካ ቃል» ተብሎ ይታለፋል፤ አፍሪካ ግን አንድ ቋንቋ የላትምና ለተማሪ ስታስረዱ የንጉኒ ቋንቋዎች ቃል መሆኑን ለይታችሁ ንገሩ። ሥሩ «-ንቱ» ሲሆን ሰው ማለት ነው። «ኡሙንቱ» አንድ ሰው፣ «አባንቱ» ሰዎች ይሆናል፤ «ባንቱ» የሚለው የቋንቋ ቤተሰብ ስምም ከዚሁ ሥር ነው። ፊት የሚገባው «ኡቡ-» እኛ በ«-ነት» የምንሠራውን ይሠራል። ክፍል ለክፍል ከተረጎምነው «ሰውነት» ሊሆን ነው፤ በአማርኛ ግን ሰውነት አካል ስለሆነ «ሰው መሆን» ወይም «ሰብአዊነት» ማለት ይሻላል። ቃሉ የሚታወቅበት አባባል «ኡሙንቱ ንጉሙንቱ ንጋባንቱ» ነው፦ ሰው ሰው የሚሆነው በሌሎች ሰዎች ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን ለማስረዳት ቅሬ ይበቃል። ሐዘን የደረሰበት ቤት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ውሃ ቀጂውን አይፈልግም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅሬተኛ ተሯሩጦ ያቆመዋል፣ ነገ የሌላው ተራ ሲሆን ያ ቤት በተራው ይወጣል። ፕሮግራሙም የተሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው አንብቦ ያርመዋል፣ ያረመውንም መልሶ ለሁሉም ይለቅቀዋል።

አነባበቡ እንደ ፊደላችን ቀጥተኛ ነው፦ ኡ-ቡ-ን-ቱ። «ዩቡንቱ» እና «ኡባንቱ» የሚሉት ከእንግሊዝኛ ንባብ የመጡ ስህተቶች ናቸው። ተማሪዎች «ከንቱ» ከሚለው ቃል ጋር ማገናኘታቸው አይቀርም፤ መመሳሰሉ የድምፅ ብቻ ነው፣ ዝምድና የላቸውም።

ስሙን የሰጠው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ባለሙያዎቹን በ2004 እ.ኤ.አ. ሰብስቦ ሥራ ሲያስጀምር ፕሮጀክቱ ስም አልነበረውም፤ የመጀመሪያው የኢንተርኔት አድራሻም «ገና ስም ያልወጣለት» የሚል ትርጉም ነበረው። መሠረቱ ዴቢያን የተባለ ቀደም ያለ ሲስተም ነው። ዴቢያንን በ1993 የጀመረው ኢያን መርዶክ ሲሆን፣ ስሙን የሠራው ከወቅቱ ጓደኛው ከዴብራ ስም የመጀመሪያውን ወስዶ የራሱን በመጨመር ነው። ከሥር ያለው ከርነል (ፕሮግራሞቹን ከማሽኑ ጋር የሚያገናኘው እምብርት) ሊኑክስ ደግሞ የሊነስ ቶርቫልድስ ነው፤ እሱ ራሱ «ፍሪክስ» ሊለው አስቦ ነበር። ፋይሎቹን በሰርቨር ላይ ያስቀመጠለት አሪ ለምኬ ማህደሩን «ሊኑክስ» ብሎ ሰየመው፣ በዚያው ጸና።

ቁጥሩን ማንበብ

24.04 አስርዮሽ ቁጥር አይደለም። 24 ዓመቱ ነው፣ 2024፤ 04 ወሩ ነው፣ ኤፕሪል። ስለዚህ 24.10 ከ24.04 ስድስት ወር ዘግይቶ የወጣ ነው። «24.4» የሚባል ነገር የለም፤ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ብትጽፉ የተሳሳተ ገጽ ሊመጣ ይችላል።

ቁጥሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ወደ እኛ መመለስ ቀላል ነው። መጨረሻው 04 ከሆነ ከዓመቱ 8 ቀንሱ፣ ወሩን ሚያዝያ በሉ። መጨረሻው 10 ከሆነ 7 ቀንሱ፣ ወሩን መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት በሉ። በዚህ ስሌት 20.04 የወጣው በሚያዝያ 2012፣ 22.04 በሚያዝያ 2014፣ 24.04 በሚያዝያ 2016 ነው። የመጀመሪያው 4.10 የወጣው ኦክቶበር 20 ቀን 2004 ነበር፤ በእኛ ጥቅምት 10 ቀን 1997። ከዚህ ወር ልማድ የወጣው 6.06 ነው፤ በኤፕሪል ሊወጣ ታስቦ ስድስት ሳምንት ስለዘገየ ቁጥሩም አብሮ ተለወጠ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ይወጣል፤ ነገር ግን ኤልቲኤስ የሚባለው በየሁለት ዓመቱ፣ የዓመቱ ቁጥር ለሁለት በሚካፈልበት ኤፕሪል ብቻ ነው፦ 20.04፣ 22.04፣ 24.04። ኤልቲኤስ 5 ዓመት ይጠገናል። በመካከል የሚወጡት፣ ለምሳሌ 23.10 ወይም 24.10፣ የሚጠገኑት 9 ወር ብቻ ነው። «ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ይሻላል» ብሎ 24.10ን 20 ኮምፒውተር ላይ የጫነ መምህር ዓመቱ ሳያልቅ አፕዴት የማይወርድላቸው 20 ማሽኖች ይታቀፋል። ለትምህርት ቤት፣ ለመሥሪያ ቤት፣ ለሱቅ ኤልቲኤስ ካልሆነ አትጫኑ። በዚህ ላይ የምንመክረው ሌላ አማራጭ የለም።

ኤልቲኤሱ 5 ዓመቱን ከጨረሰም በኋላ «ኡቡንቱ ፕሮ» በሚባለው አገልግሎት የደህንነት ጥገናው እስከ 10 ዓመት ይረዝማል፤ ለግል ተጠቃሚ እስከ 5 ማሽን ድረስ ያለ ክፍያ ነው። 20.04 መደበኛ ጥገናው ያለቀው በ2025 ነው። ያን የያዘ ማሽን ካላችሁ ወይ ፕሮ አስገቡለት፣ ወይ ወደ 22.04 አሳድጉት። በቀጥታ ከ20.04 ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም፤ መጀመሪያ 22.04፣ ቀጥሎ 24.04።

ቅጽል ስሙ

እያንዳንዱ ስሪት አንድ ቅጽልና አንድ እንስሳ ይሰጠዋል፤ ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ልማዱ የተጀመረው በመጀመሪያው ስሪት ነው። ሻትልወርዝ «ቢበዛ ስድስት ወር ነው ያለን» ሲል ባልደረባው «ያ ለማሳመር አይበቃም» አለው፤ እንግዲያውስ «ኪንታሮታሙ ከርከሮ» እንበለው ተባባሉና 4.10 «ዋርቲ ዋርትሆግ» ሆነ። ከ6.06 ጀምሮ ስሞቹ በላቲን ፊደል ተራ ይሄዳሉ፤ በ2017 ዜድ ላይ ደርሰው በ17.10 እንደገና ከኤ ጀመሩ።

ከነዚህ አንዱ ለወሎ ሰው ሳይጠቀስ ማለፍ ያሳዝናል፦ የ16.04 ቅጽል «ዚኒያል» ማለት እንግዳ ተቀባይ ማለት ነው።

የፊደሉ ተራ ለሥራም ይጠቅማል። በሁለት ዓመት አራት ስሪት ስለሚወጣ ኤልቲኤሶቹ በአራት በአራት ፊደል ይራመዳሉ፦ ባዮኒክ 18.04፣ ፎካል 20.04፣ ጃሚ 22.04፣ ኖብል 24.04። በስህተት መልእክት ውስጥ «ፎካል» የሚል ካያችሁ ቁጥሩን ሳትፈልጉ ማሽኑ ያረጀ ስሪት ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሲስተሙ ከሁለቱ ቃላት የሚጠቀመው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እንስሳው ለማስታወሻ ነው፣ በየትኛውም ትእዛዝ ውስጥ አይገባም።

አንድ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ለማወቅ ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ተጭናችሁ ተርሚናል ክፈቱ። ከዚያ «ካት /ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊዝ» ጽፋችሁ ኤንተር በሉ። ከሚመጡት መስመሮች ሁለቱን ፈልጉ፦ «ቨርዥን_አይዲ» ቁጥሩን፣ «ኡቡንቱ_ኮድኔም» ቅጽሉን ይሰጣችኋል። ሊኑክስ ሚንት የጫኑ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ሚንት በኡቡንቱ ላይ የተሠራ ቢሆንም የራሱ ቅጽል አለው፤ ሚንት 22 «ዊልማ» ይባላል፣ ከሥሩ ያለው ግን ኖብል ነው። ለኡቡንቱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ከውጭ ስትጨምሩ «ዊልማ» ብላችሁ ከሞላችሁ መጋዘኑ ውስጥ እንዲህ የሚባል ክፍል ስለሌለ አፕዴቱ ስህተት ያወጣል። የምትሞሉት «ኖብል» ነው።

የፋይሉ ስም

የምታወርዱት ፋይል ስም ይህን ይመስላል፦ «ኡቡንቱ-24.04.3-ዴስክቶፕ-ኤኤምዲ64.አይኤስኦ»።

የመጨረሻዋ 3 ሌላ ስሪት አታመለክትም፤ እስከዚያ ቀን የወጡ ጥገናዎች ተጠቃልለው የገቡበት የዚያው የ24.04 አዲስ ዲስክ ናት። ሁልጊዜ ትልቁን ውሰዱ፤ ከጫናችሁ በኋላ የምታወርዱት አፕዴት ያንሳል፣ ፓኬጅም ይቆጥባል። «ዴስክቶፕ» የሚለውን አረጋግጡ፤ «ሰርቨር» የሚለውን ከጫናችሁ መስኮትም ማውስም የሌለው ጥቁር ስክሪን ነው የሚጠብቃችሁ፣ ብዙ ሰው ያኔ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

«ኤኤምዲ64» ሌላው የሚያሳስት ነው። ፕሮሰሰሬ ኢንቴል ነውና አይሆነኝም ብላችሁ አትለፉት። ይህን ባለ 64 ቢት አሠራር ቀድሞ ያወጣው ኤኤምዲ ስለሆነ ስሙ በዚያ ቀረ፤ ኢንቴልም ተቀብሎታል፣ ፋይሉ ለሁለቱም አንድ ነው። የማይሆነው ባለ 32 ቢት ብቻ ለሆኑ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ነው። ኡቡንቱ ባለ 32 ቢት የዴስክቶፕ ዲስክ ማውጣት ያቆመው በ17.10 ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ካላችሁ ዴቢያን 12 አሁንም ባለ 32 ቢት መጫኛ አለው፤ ዴቢያን 13 ግን የለውም።

ከስሙ ፊት ያለው ፊደልም ትርጉም አለው። ኩቡንቱ ውስጥ ያለችው «ኬ» ኬዲኢ ለተባለው ገጽታ፣ የዙቡንቱ «ኤክስ» ለኤክስኤፍሲኢ፣ የሉቡንቱ «ኤል» በፊት ለኤልኤክስዲኢ፣ ዛሬ ለኤልኤክስኪውቲ ናት፤ ኤዱቡንቱ ደግሞ ከትምህርት የመጣ ነው። ሁሉም መሠረታቸው አንድ፣ መጋዘናቸውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ገጽታቸውና የሚበሉት ራም ነው። ዋናው ኡቡንቱ 24.04 ባለ 2 ጊጋኸርዝ ድርብ ኮር ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራምና 25 ጊጋባይት ዲስክ ይጠይቃል። በ4 ጊጋ ይሠራል እንጂ ብራውዘር ሲከፈት ይንገታገታል። ስለዚህ 8 ጊጋ ላለው ኡቡንቱን፣ 4 ጊጋ ላለው ዙቡንቱን፣ 2 ጊጋ ላለው ሉቡንቱን እንመክራለን። አንድ ነገር አስታውሱ፦ እነዚህ ቅርንጫፎች ኤልቲኤስ ቢሆኑም ጥገናቸው 3 ዓመት ነው።

ፍላሽ ማዘጋጀትና መጫን

ባለ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ በላዩ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አንድ ጊዜ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አውርዱትና አስቀምጡት። በመንገድ የተቋረጠ ማውረድ ፋይሉን ሙሉ አስመስሎ ሊተወው ይችላል፤ ለዚህ ነው ማረጋገጥ የሚያስፈልገው። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና «ሰርትዩቲል -ሃሽፋይል»፣ የፋይሉ ስም፣ «ኤስኤችኤ256» ብላችሁ ጻፉ። የሚወጣው ረጅም ቁጥርና ፊደል በማውረጃ ገጹ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። አንዲት ፊደል ከተለየች ፋይሉን ጥላችሁ እንደገና አውርዱ። በዚህች የአምስት ደቂቃ ሥራ መሰነፍ መጫኑ ግማሽ ላይ ቀጥ እንዲል ያደርጋል።

ፋይሉን ፍላሹ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሳ ሩፈስ በተባለው ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ፍላሹን ምረጡ፣ ፋይሉን ምረጡ፣ ማሽኑ አዲስ ከሆነ ጂፒቲ፣ በጣም አሮጌ ከሆነ ኤምቢአር በሉ፣ ስታርት ተጫኑ። ሲጨርስ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታበሩ ዴል ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9፣ ሌኖቮ ላይ ኤፍ12 ደጋግማችሁ ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። መጀመሪያ «ትራይ» ብላችሁ ሳትጭኑ ሞክሩት፤ ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ የሚሠራ ከሆነ ወደ መጫኑ ግቡ።

ዲስክ የሚጠይቃችሁ ገጽ ላይ ረጋ በሉ። «ኢሬዝ ዲስክ» ማለት የተማሪ ውጤትም፣ ፎቶውም፣ ዊንዶውሱም ተጠርጎ ይወጣል ማለት ነው፤ መመለሻ የለውም። ዊንዶውሱን ይዛችሁ ጎን ለጎን መጫን ከፈለጋችሁ «አሎንግሳይድ» የሚለውን ምረጡ። ቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) በርቶ ከሆነ መጫኛው አያልፍም፤ ወደ ዊንዶውስ ተመልሳችሁ አጥፉትና ዲስኩ ተፈትቶ እስኪያልቅ ጠብቁ።

መብራት በመሃል ከሄደ የተጀመረው መጫን ይበላሻል፤ ፍላሹ ግን አይነካም፣ ከመጀመሪያው ይጀመራል። የሚያስፈራው የተጫነውን ከ22.04 ወደ 24.04 ስታሳድጉ ቢሄድ ነው። ያኔ መብራት ሲመጣ ተርሚናል ላይ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ቀጥሎም «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ብላችሁ ያልተጨረሰውን አስጨርሱት። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ ፋይሎቹን አስቀምጦ እንደ አዲስ መጫን ከማሳደግ ይሻላል።

ሲያልቅ ለአማርኛ ጽሑፍ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አይባስ-ኤም17ኤን» ብላችሁ ጫኑ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ በሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ ጋ «አምሃሪክ ሴራ» የሚለውን ጨምሩ። በሱፐርና በስፔስ ቁልፎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትለዋወጣላችሁ።

«404» ሲል

ጥገናው ያለቀ መካከለኛ ስሪት ላይ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስትሉ የሚመጣው ስህተት «404 ኖት ፋውንድ» ነው። ብዙ ሰው ኢንተርኔቱን ይጠረጥራል። ለመለየት መስመሩን አንብቡ፤ አድራሻው ቀጥሎ የስሪቱ ቅጽል ተጽፏል። «ማንቲክ» ቢል 23.10 ነው፤ 9 ወሩ አልቆ ፋይሎቹ ከዋናው መጋዘን ወደ አሮጌው መጋዘን ተዛውረዋል። ኢንተርኔቱ ቢሆን ኖሮ የሚለው አድራሻውን ማግኘት አልቻልኩም ነበር እንጂ 404 አይልም።

መፍትሔው አድራሻውን መቀየር ነው። እስከ 23.10 ባሉት ላይ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት»፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ «ሱዶ ናኖ /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት.ዲ/ኡቡንቱ.ሶርስስ» ብላችሁ ክፈቱ። በየመስመሩ «አርካይቭ.ኡቡንቱ.ኮም» እና «ሴኩሪቲ.ኡቡንቱ.ኮም» የሚለውን «ኦልድ-ሪሊዝስ.ኡቡንቱ.ኮም» አድርጉት። ሲጫን የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ከሆነ አድራሻው ፊት «ኢቲ.» የምትል ትኖራለች፤ እሷም አብራ ትውጣ፣ ከቀረች አድራሻው የሌለ አድራሻ ይሆናል። ኮንትሮልና ኦ ብላችሁ አስቀምጡ፣ ኮንትሮልና ኤክስ ብላችሁ ውጡ፣ አፕዴቱን ድገሙት። ሲሠራ «ሱዶ ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ስሪት እለፉ። አሮጌው መጋዘን ላይ አዲስ የደህንነት ጥገና አይገባምና እዚያ አትቆዩ።

ስሙን ማባዛት

ፍላሹን ለሌላ ትምህርት ቤት ማዋስ፣ በመቶ ማሽን ላይ መጫን፣ ኮፒ አድርጎ መስጠት የተፈቀደ ነው፤ ቁልፍም ክራክም አይጠይቅም። ስሙ ግን ኡቡንቱን የሚያወጣው ኩባንያ የካኖኒካል የንግድ ምልክት ነው። ኮዱን ለውጣችሁ፣ የራሳችሁን ምልክት አስገብታችሁ ለሌሎች የምታከፋፍሉ ከሆነ «ኡቡንቱ» ብላችሁ ማውጣት የካኖኒካልን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለዚያ ስሙንና አርማውን አውጥታችሁ ሌላ ስም ስጡት። በክፍላችሁ ውስጥ የጀርባ ምስል መቀየርና የአማርኛ ፎንት መጨመር በዚህ አይገባም።

ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ክፍል አንዱን ማሽን መጋዘን አድርጉት፤ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» የሚባለውን ጫኑበትና ሌሎቹን በበር ቁጥር (ፖርት) 3142 ወደ እሱ ምሩ። አንድ ጊዜ የወረደ ፕሮግራም ለሁሉም ከዚያው ይደርሳል። ይህ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ቅጽል ሲኖራቸው ነው፤ ግማሹ ጃሚ፣ ግማሹ ኖብል ከሆነ እያንዳንዱ ፋይል ሁለት ጊዜ ይወርዳል። በየሳጥኑ ጎን ላይ በፓርከር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቁጥሩን፣ ቅጽሉን፣ ጥገናው የሚያልቅበትን ዓመት በሁለቱም አቆጣጠር። ለኡቡንቱ 24.04 «ኖብል፣ 2029 እ.ኤ.አ.፣ 2021 ዓ.ም.» ይሆናል፤ ዙቡንቱና ሉቡንቱ 24.04 ላይ ደግሞ 2027 እና 2019።